ጨው የማይረታው ስለት
በወልቂጤና በቡታጅራ ክትፎ ቤቶች ቢላዋ እንዴት ይመረጣል? ዕድሜውስ በምን ይረዝማል?

ረፋድ ላይ ነው። ወልቂጤ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ዳር ከተደረደሩት ክትፎ ቤቶች በአንዱ ጓዳ ከታፊው ሥራ ጀምሯል። ቀዩን ሥጋ በወፍራሙ የእንጨት መክተፊያ ላይ ዘርግቶ መጀመሪያ ጅማቱን ይገፍፋል። የቢላዋውን ጫፍ ከጅማቱ ሥር ያስገባና ስለቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ሳብ ያደርገዋል፤ ነጩ ጅማት ሥጋውን ሳይዝ ይወጣል። ንጹሕ ቀይ ሥጋ ብቻ ሲቀር ወደ መክተፉ ይገባል። ግራ እጁን በቢላዋው ጀርባ ላይ ጫን አድርጎ፣ ጫፉን ከእንጨቱ ሳያነሳ፣ እጀታውን ከፍ ዝቅ እያደረገ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ሥጋውን ሰብስቦ ያጥፈዋል፤ ደግሞ ይመለሳል።

የቢላዋው ድምፅ እኩልና ፈጣን ነው። ድምፁ ሲከብድ ከታፊው ወዲያው ይሰማዋል። ስለቱ ደክሟል ማለት ነው። የደነዘ ቢላዋ ሥጋን አይቆርጥም፤ ይጨፈልቃል። የተጨፈለቀ ሥጋ ፈሳሹን ያወጣል፣ ይጣበቃል፣ ቅቤውንም በወጉ አይቀበልም። ክትፎ ወዳዶች በማሽን የተፈጨውንና በቢላዋ የተከተፈውን ገና በመጀመሪያው ጉርሻ እንለያለን የሚሉት ለዚህ ነው።

ስለ ክትፎ ሲወራ ስለ ቅቤው፣ ስለ ኮረሪማው፣ ስለ ሚጥሚጣው፣ ስለ ጣባው ብዙ ይባላል። ቢላዋው ግን አይነሳም። በአንዳንድ ጓዳ አንድ ቢላዋ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በሌላው ጓዳ ደግሞ በየመስቀሉ አዲስ ይገዛል፤ የዓምናው ዝጎ፣ እጀታው ተላቅቆ ከመደርደሪያ ሥር ተጥሏል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ዋጋው ብቻ አይደለም። ብረቱ ለሥራው መመረጡና ከሥራ በኋላ ያለው አያያዝ ነው።

## ጨው፣ ደምና እርጥበት

ወልቂጤና ቡታጅራ ከባሕር ሩቅ ናቸው። ቢላዋ በባሕር ውኃ የሚደርስበት ጥቃት ግን በእነዚህ ከተሞች ጓዳም አለ። የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። ቋንጣ የዘለዘለችና ሥጋውን በጨውና በሚጥሚጣ ያሸች ሴት ቢላዋ ላይ የሚቀረው እርጥበት ከዚያ የባሰ ጨዋማ ሊሆን ይችላል። ጨው በአፋር ከአፍዴራ ሐይቅ ተመርቶ፣ በከባድ መኪና ተጭኖ፣ ገበያ ደርሶ በመጨረሻ ቢላዋው ላይ ያርፋል።

ብረት እንዲዝግ ውኃና አየር ይበቁታል። ጨው ሲጨመር ሥራው ይፈጥናል። ጨው የሟሟበት ውኃ የኤሌክትሪክ ሙል በብረቱ ገጽ ላይ እንደ ልብ እንዲንቀሳቀስ መንገድ ይከፍታል፤ ዝገት ደግሞ በመሠረቱ የዚህ እንቅስቃሴ ውጤት ነው። ጨው ሌላም ጠባይ አለው። ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ማታ ሳይታጠብ ደረቅ መስሎ የተቀመጠ ቢላዋ ሌሊቱን እርጥበት ሰብስቦ ጠዋት ቀይ ነጥብ አውጥቶ የሚገኘው ለዚህ ነው።

በጉራጌ ጓዳ ደግሞ ከጨው ሌላ ጠላት አለ፤ ቆጮ። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ የሚወጣ፣ ጎምዛዛ ምግብ ነው። ከመጋገሩ በፊት ይጨመቃል፤ ቀጥሎ በገበታ ላይ ተደርጎ ቃጫው እስኪደቅ ድረስ በቢላዋ ደጋግሞ ይከተፋል። እርጥብ፣ አሲድ ያለበት፣ ቃጫ የበዛበት ነገር ነው፤ ስለት ያደክማል፣ ብረትም ያጠቁራል።

እንሰትን የሚያዘጋጁ እናቶች ይህንን የብረት ጠባይ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሴትዮዋ መሬት ላይ በተነጠፈ የእንሰት ቅጠል ላይ ትቀመጣለች። የእንሰቱን ግንድ ልጣጭ ዘንበል ብሎ በቆመ ሳንቃ ላይ ታስደግፍና በአንድ እግሯ ጫን ብላ ትይዘዋለች። ከዚያ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። የምትፍቅበት መሣሪያ ግን ከቀርከሃ የተሰነጠቀ ነው። በእንሰቱ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ብረት ሲነካው ይጠቁራል፤ ቡላና ቆጮ ደግሞ ንጣታቸው ክብራቸው ነው። ብረት የሚገባበትን ሥራና የማይገባበትን መለየት የቢላዋ ዕውቀት መጀመሪያ ነው።

> ማታ ሳይታጠብ የተቀመጠ ቢላዋ ሌሊቱን በሙሉ ሲዝግ ያድራል።

## ከባልጩት እስከ ባሌስትራ

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚሄድ መንገደኛ በስለት ታሪክ ውስጥ ያልፋል። አዋሽን ሲሻገር መልካ ቁንጡሬን ያገኛል። እዚያ የጥንት ሰዎች ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ድንጋይ እየጠረቡ መቁረጫ ይሠሩ ነበር። በአቅራቢያው ያለው ባልጭት ደግሞ ጥቁሩና መስታወት መሳዩ ባልጩት የሚወጣበት ሥፍራ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በቡታጅራና በዝዋይ አካባቢ ያሉ ቆዳ ፋቂዎች በሃያኛው ምዕተ ዓመት ጭምር በባልጩት ይሠሩ እንደነበር ተመራማሪዎች ዘግበዋል። ባልጩት አይዝግም፤ ስለቱም ከብረት ይበልጣል። ግን ይሰበራል፤ በየጊዜውም እንደገና መጠረብ አለበት።

ትንሽ ወረድ ሲል ሶዶ ውስጥ ጢያ ይጠብቀዋል። በዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመዘገቡት የጢያ ትክል ድንጋዮች 36 ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ቅርጽ ተቀርጾባቸዋል፤ ጎልቶ የሚታየውም የጎራዴ ምስል ነው። በአንዳንዱ ድንጋይ ላይ ጎራዴው ብቻውን አይደለም፤ ከጎኑ ሌሎች ጎራዴዎች ይደረደራሉ። ያንን ድንጋይ ያቆሙ ሰዎች ብረት ቀጥቅጠው ስለት የሚያወጡ ባለእጆች የነበሩበት ማኅበረሰብ ናቸው።

የእነዚያ ባለእጆች ሙያ ዛሬም በሕይወት አለ። ቀጥቃጩ በጠባብ ዳስ ሥር ወናፉን እየነፋ ይሠራል። ጥሬ ዕቃው ግን ተለውጧል፤ የሚመረጠው ያረጀ የመኪና ባሌስትራ ነው። የአይሱዙ ባሌስትራ በብዙ ቀጥቃጮች ዘንድ ተፈላጊ ነው። ሞረድና የመጋዝ ምላጭም አይጣሉም። አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት የሚሰበሰብበትና አዲስ ሕይወት የሚያገኝበት ሥፍራ ነው፤ ከዚያም ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ አለ።

ባሌስትራ የተመረጠው በምክንያት ነው። የመኪና ክብደት ተሸክሞ ሲታጠፍና ሲመለስ እንዳይሰበር ተብሎ የተሠራ ብረት ነው። ውስጡ ያለው ካርቦን ሲሞቅና በድንገት ሲቀዘቅዝ ብረቱን እንዲጠነክር ያደርገዋል። ቀጥቃጩ ብረቱን ፍም እስኪመስል ያሞቀዋል፤ በመስፉ ላይ ቀጥቅጦ ያሳሳዋል፤ ቅርጽ ሲይዝ እንደገና አሙቆ ውኃ ወይም ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። በዚህ ጊዜ ብረቱ እጅግ ጠንካራ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ አዋቂው ቀጥቃጭ በዝግታ መልሶ ያሞቀዋል። ብረቱ ነጣ ካለ ገለባማ መልክ ወደ ቡናማ ሲለወጥ እያየ ያቆመዋል። ያ የቀለም ለውጥ የሙቀት መለኪያው ነው፤ የቢላዋው ዕድሜ የሚወሰነውም በዚያች ቅጽበት ነው።

የሕንፃ ፌሮ ግን ሌላ ነው። ካርቦኑ ጥቂት ስለሆነ ቢሞቅም ቢነከርም በሚገባ አይጠነክርም። ከፌሮ የተሠራ ቢላዋ ሲታይ ሊያምር ይችላል፤ በሦስተኛው ቀን ግን አይቆርጥም።

## የሚዝገውና «የማይዝገው»

ሱቅ ውስጥ ያለው ንግግር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

«ይሄ አይዝግም አይደል፣ ወንድሜ?»

«እንዴ! ኢኖክስ ነው እኮ። ጽሑፉን አያዩትም?»

ጽሑፉ እውነት ሊሆን ይችላል። የማይዝግ ብረት የምንለው ግን የማይዝግ ሳይሆን በቀላሉ የማይዝግ ነው። ከመቶ አሥር እጅ በላይ ክሮሚየም የተቀላቀለበት ብረት አየር ሲነካው በገጹ ላይ ለዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይፈጥራል። ሽፋኑ ቢጫጫር አየር እስካገኘ ድረስ ራሱን ያድሳል። እንግሊዛዊው ሃሪ ብሪርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 ሼፊልድ ከተማ ውስጥ የጠመንጃ አፈሙዝ እንዳይበላ የሚያደርግ ብረት ሲፈልግ ያገኘው ቅይጥ ይህንን መንገድ ለቢላዋ ከፈተ። ብልሃቱን ገና ያልለመዱት የከተማው ቢላዋ ሠሪዎች ብሪርሊን «የማይቆርጥ ቢላዋ ፈልሳፊ» ይሉት ነበር። ብረቱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚፈልገው ጥንቃቄ ከለመዱት ብረት የተለየ ነበርና። ጥንቃቄው ከተሟላ ግን የዛሬው ስቴይንለስ ቢላዋ በደንብ ይቆርጣል።

ይህ ሽፋን የሚፈራው አንድ ነገር አለ፤ ጨው። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ሽፋኑን በደካማ ቦታው ይበሳዋል፤ ከላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህል፣ ወደ ውስጥ ግን የሚጠልቅ ጉድጓድ ይፈጥራል። ጉዳቱ አየር በማይደርስበት ቦታ ይብሳል። ለምሳሌ በብረቱና በእጀታው መካከል ባለው ስንጥቅ ደምና ጨው ከገባ ሽፋኑ ራሱን የሚያድስበት አየር አያገኝም። እርጥብ ቢላዋ አፎት ውስጥ ሲከተትም እንዲሁ ነው። «የማይዝገው» ቢላዋ በትክክል የሚዝገው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ነው።

በጓዳ የሚሠራ ሌላ ስሕተት ደግሞ በረኪና ነው። ገበታውንና ቢላዋውን ከጀርም ለማጽዳት ተብሎ ስቴይንለስ ቢላዋ በረኪና ባለበት ውኃ ውስጥ ያድራል። በረኪና የክሎሪን ውህድ ነው፤ ያንኑ ሽፋን ያጠቃል። በበረኪና ማጽዳት ካስፈለገ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያም በብዙ ንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ነው።

የባሌስትራው ቢላዋ ሽፋን የለውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽንኩርት ሲነካ ይጠቁራል፣ ሥጋ ሲነካ ሰማያዊ ግራጫ መልክ ይይዛል፣ የብረት ጣዕምም ሊሰጥ ይችላል። ብዙ ሰው ይህንን አይቶ ቢላዋው ተበላሸ ብሎ ያዝናል፤ በአሸዋና በሽቦ ፈትጎ ነጭ ሊያደርገው ይታገላል። አያስፈልግም። ግራጫው መልክ እኩል ሲሰራጭ ብረቱን በመጠኑ ከዝገት ይጠብቀዋል። መወገድ ያለበት ቀዩ፣ ሲነካ እጅ ላይ የሚቀረው ዝገት ነው።

በዓለም ላይ በእውነተኛው ባሕር የሚሠሩ ሰዎች ሌላ መፍትሔ አግኝተዋል። ከካርቦን ይልቅ ናይትሮጅን እንዲያጠነክረው የተደረገ ብረት ጠላቂዎችና ዓሣ አጥማጆች ይይዙታል፤ ለጨው እጅግ ጠንካራ ነው። ዋጋው ግን ውድ ነው፤ አንዳንዱ ዓይነትም ስለቱን ቶሎ ይለቃል። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ከሚገኘው የባሕር ትምህርት ቤት ወጥተው በውጭ መርከቦች ላይ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የመርከብ ዓለም ሕግ ግን ለሁሉም ብረት አንድ ነው፦ የባሕር ውኃ የነካው መሣሪያ በንጹሕ ውኃ ሳይለቀለቅ አይቀመጥም። ይህ ሕግ ወልቂጤ ጓዳ ውስጥም እንዳለ ይሠራል።

> ቢላዋውን ሲመርጡ አስቀድሞ የራስን ልማድ ማወቅ ይሻላል፤ ከሥራ በኋላ ወዲያው ያደርቁታል ወይስ አያደርቁትም?

## ገበያ ሲወጡ ምን ማየት ይገባል?

የቡታጅራ ገበያ ማረቆ በርበሬ ሲነግሥበት የሚታወቅ ነው። በርበሬው፣ ቅቤው፣ ቆጮው በተደረደረበት ገበያ ቀጥቃጮች የሠሯቸው ቢላዋዎች ከማጭድና ከመጥረቢያ ጋር መሬት ላይ ተዘርግተው ይገኛሉ፤ ሱቆቹ ደግሞ ከውጭ የመጡትን ያንጠለጥላሉ። ገዢ ሁለቱንም በተመሳሳይ ዓይን ማየት አለበት።

መጀመሪያ ሥራው ይለይ። ለእርድና ለብልት ማውጣት ካራ፣ ለክትፎ ረጅምና ጀርባው ቀጥ ያለ ቢላዋ፣ ለሽንኩርት አነስተኛ ቢላዋ። ተጣጣፊው ሰንጢ ለኪስ እንጂ ለጓዳ አይደለም፤ በመታጠፊያው ውስጥ የሚገባውን ደምና ጨው ማጽዳት አይቻልም። ለእርጥብ ሥራ የማይታጠፍ ቢላዋ ይመረጣል።

ቀጥሎ እጀታው ይመርመር። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ የሚደርስ ከሆነ ጥሩ ነው። እጀታው ውስጥ ጥቂት ብቻ ገብቶ በሙጫ የተያዘ ብረት በክትፎ ሥራ ይላቀቃል። በብረቱና በእንጨቱ መካከል ጥፍር የሚገባበት ክፍተት ካለ ይመለስ። የወይራ እጀታ ጠንካራ ነው፤ ይሁንና ማንኛውም እንጨት ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ፕላስቲክ እጀታ ለማጽዳት ይቀላል። እጀታውን የሚይዙት ምስማሮች ከነሐስ ከሆኑ ያምራሉ፤ ጨው ባለበት እርጥበት ግን ነሐስ የነካው ብረት በዚያ ሥፍራ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ በምስማሩ ዙሪያ ያለው ቦታ ሁልጊዜ መድረቅ አለበት።

ከዚያ ብረቱ ይፈተን። ብዙ ሰው ማግኔት ይዞ ይሄዳል፤ ከያዘው ስቴይንለስ አይደለም ይላል። ይህ ለማንኪያ የሚሠራ መፈተኛ እንጂ ለቢላዋ አይደለም። ስለት የሚይዝ ስቴይንለስ ማግኔት ይይዘዋል። የተሻለው መፈተኛ ሞረድ ነው። ሻጩን አስፈቅዶ በስለቱ አጠገብ በቀስታ ሞረድ ማስኬድ ነው፤ ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል፤ ነክሶ ከላጠ ለስላሳ ነው። ቢላዋውን በጥፍር መታ አድርጎ ማዳመጥም ይጠቅማል፤ ጥርት ያለ ድምፅ የሌለው ብረት ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። በመጨረሻም ከጀርባው በኩል በአንድ ዓይን ዘልቆ ማየት ነው፤ የተጣመመ ስለት እኩል አይቆርጥም።

በዚህ ጉዳይ የሰዎች አስተያየት ይለያያል። የክትፎ ቤት ባለቤቶች ብዙዎቹ ስቴይንለስ ይመርጣሉ፤ ጓዳቸው ውስጥ ብዙ እጅ ይገባል፣ ሁሉም እንደ ባለቤቱ አይጠነቀቅም። የቆዩ ከታፊዎች ደግሞ የባሌስትራውን ይይዛሉ፤ በትንሽ ድንጋይ ቶሎ ይሳላል፣ ስለቱም ስስ ይሆናል ይላሉ። ለመስቀል ከአዲስ አበባ ወደ አገር ቤት የሚመጡት ውድ የውጭ ቢላዋ ስጦታ ይዘው ይመጣሉ፤ እናቶች ግን በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡትና በድሮው ይከትፋሉ። እነዚህ ሁሉ ልክ ናቸው፤ አያያዛቸው የተለያየ ስለሆነ ነው። ወዲያው አጥቦ የሚያደርቅ ሰው የባሌስትራውን ይግዛ። ይህንን ልማድ ያላደረገ ወይም ቢላዋው በብዙ እጅ የሚያልፍ ከሆነ ስቴይንለሱን ይግዛ። በሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ አይረሳ፦ ሲደነዝ እዚህ ከተማ ውስጥ የሚስለው ሰው አለ?

## ከሥራ በኋላ ያሉት አምስት ደቂቃዎች

የቢላዋ ዕድሜ የሚወሰነው ክትፎው ቀርቦ እንግዶች መብላት ሲጀምሩ ነው። በዚያ ሰዓት ቢላዋው ገበታው ላይ ደምና ጨው እንደያዘ ይረሳል። ጥሩ ከታፊ ግን ሥጋው ጣባ ውስጥ እንደገባ መጀመሪያ የሚያነሳው ቢላዋውን ነው።

አስቀድሞ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ ማለቅለቅ ነው፤ ሙቅ ውኃ ደምን ያጣብቃል። ቀጥሎ በሳሙናና በለስላሳ ስፖንጅ፣ ከጀርባው ወደ ስለቱ አቅጣጫ ማጠብ። የሽቦ ማጠቢያ ይቅር፤ ስቴይንለሱን ይጭራል፣ የራሱንም የብረት ፍርፋሪ ይተውበታል፤ ያ ፍርፋሪ ሲዝግ ቢላዋው የዛገ ይመስላል። ከሌሎች ዕቃዎች ጋር በሳፋ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍም አይገባም፤ ለእጅ አደጋ ነው፣ ለእጀታውም ጥፋት ነው። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፤ በተለይ ብረቱ ከእጀታው የሚገናኝበትን አንገት።

የባሌስትራው ቢላዋ ከደረቀ በኋላ ስስ ዘይት ይፈልጋል። አንዳንድ ሰዎች ቅቤ ይቀባሉ፤ ለአንድ ሌሊት ይጠቅማል። የተነጠረ ቅቤ ግን ቅመምና አንዳንዴም ጨው አለበት፤ የምግብ ዘይትም ሲቆይ ይጣበቃል፣ ይሸታል። ለብዙ ቀን የሚቀመጥ ቢላዋ ከሆነ መድኃኒት ቤት የሚሸጠው ንጹሕ የፓራፊን ዘይት ይሻላል። ሁለት ጠብታ በጨርቅ ማዳረስ ነው፤ ከመከተፍ በፊት ታጥቦ ይሄዳል።

አፎት ለመሸከሚያ እንጂ ለማስቀመጫ አይደለም። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ በሚለፋበት ጊዜ የገባበት ጨውና ኬሚካልም ውስጡ ይቀራል። ቢላዋ አየር በሚያገኝበት፣ ልጆች በማይደርሱበት ከፍ ያለ ቦታ በእንጨት ማንጠልጠያ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል።

ዝገት ከጀመረ ጉዳዩ አላበቃም። ቀይ ነጥቦችን በጥሩ አመድና በዘይት በተነከረ ጨርቅ ማሸት ያስለቅቃል። ጉድጓድ ከሆነ ግን፣ በተለይ ከስለቱ አጠገብ፣ ምግብ ይሸሸግበታል፤ ያ ቢላዋ ከጥሬ ሥጋ ሥራ ይውጣ። ከጥሬ ሥጋ ጋር የሠራ ቢላዋ ሳይታጠብ ወደ ሰላጣ እንዳይሄድም መጠንቀቅ ነው።

> ቢላዋን የሚያስረጀው ሥራ አይደለም፤ ከሥራ በኋላ መረሳት ነው።

## ሞራጁ ሲመጣ

መስከረም ሲገባ በጉራጌ ምድር ቤት ይቀባል፣ ቅቤ ይወጣል፣ ለበሬ መግዣ ሲጠራቀም የከረመው ገንዘብ ይቆጠራል። ከአራቱም አቅጣጫ ሰው ወደ ቀዬው ይመለሳል። ሞራጁም ሥራ የሚበዛበት ያን ጊዜ ነው። በፔዳል የሚዞር ድንጋዩን ተሸክሞ ወይም በኤሌክትሪክ መሞረጃው ፊት ተቀምጦ ካራና ቢላዋ ይቀበላል።

በፍጥነት የሚዞር የኤሌክትሪክ ድንጋይ ሥራ ያቀላል። ግን ብረቱን ያግለዋል። ስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ በዚያ ሥፍራ ብረቱ ለስልሷል ማለት ነው፤ ቀጥቃጩ በእሳትና በውኃ የሰጠው ጥንካሬ በጥቂት ሰከንዶች ተወስዷል። አዋቂ ሞራጅ ብረቱን በየመሃሉ ውኃ ውስጥ እየነከረ፣ ጫን ሳይል ይሠራል። የእሳት ፍንጣሪ ብዛት የጥሩ ሥራ ምልክት አይደለም።

ለዕለት ዕለት ሥራ ድንጋይ ይበቃል። እርጥብ መሳያ ድንጋይ ላይ ቢላዋውን ብዙ ከፍ ሳያደርጉ፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ በሚሆን ማዕዘን፣ ከአንገቱ እስከ ጫፉ በአንድ እንቅስቃሴ መውሰድ ነው። አንደኛው ጎን ላይ በጣት ሲዳሰስ ቀጭን የብረት ትራፊ እስኪሰማ ድረስ መሳል፤ ከዚያ ማዞር። ትራፊው በሁለቱም ጎን ቀለል ባለ ምት ይወገዳል። የተሳለ ቢላዋ የሚፈተነው በጣት አይደለም፤ በወረቀት ጠርዝ ወይም በቲማቲም ቆዳ ነው። ደጋግሞ በትንሹ የሚሳል ቢላዋ አንድ ጊዜ በብዙ ከሚሞረድ ይበልጥ ይቆያል፤ ብረቱ ስለማይባክን።

መክተፊያውም የዚህ አካል ነው። ስለት እንጨት ላይ ይቆያል፤ ብርጭቆ፣ እብነ በረድና ብረት ሳህን ላይ በአንድ ቀን ይሞታል።

## ለባለእጁ የሚገባው

የዚህን ሙያ ታሪክ ሳያነሱ ስለ ቢላዋ መጻፍ ሐቅ ማጉደል ነው። በጉራጌም፣ በአገራችን በብዙ ቦታም፣ ስለቱን የሰጡን ቀጥቃጮች ለዘመናት ተገልለዋል። አብሯቸው መብላትና መጋባት የሚነወርበት ጊዜ ነበር፤ ያ አስተሳሰብ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን በሙያው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጅ ግን ብቻውን ልብ አይለውጥም። እያንዳንዱ ክትፎ ቤት፣ እያንዳንዱ የመስቀል እርድ፣ እያንዳንዱ የተከተፈ ቆጮ በእነርሱ እጅ ላይ ቆሟል።

ዛሬ የቀጥቃጩ ልጅ ሙያውን ለመውረስ የሚያመነታው ክብርም ገቢም ስለሚያጣበት ነው። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በሁለቱም ከተሞች የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ይሰጣል። በሙቀት መለኪያ የሚታገዝ ማጠንከሪያ፣ ለእርጥበት የሚሆን እጀታ፣ የሠሪው ምልክት የተመታበት ስለት፦ እነዚህ ነገሮች ከአካባቢው አቅም በላይ አይደሉም። የሠሪው ምልክት ያለበት ቢላዋ ገዢን ያስተማምናል፤ ሠሪውንም ያስጠይቃል፣ ያስከብራልም።

ስለዚህ ለአንባቢ የምንለው ይህ ነው። መስቀል ሳይደርስ ቢላዋዎን ያውጡና ይመርምሩ። አንገቱ ላይ ዝገት ካለ ያስለቅቁ፤ ከደነዘ ለአዋቂ ሞራጅ ይስጡ፤ አዲስ የሚገዙ ከሆነ በሞረድ ይፈትኑ። ቀጥቃጩ ጋ ሲሄዱ ዋጋ ከመከራከርዎ በፊት ከምን ብረት እንደሠራው፣ እንዴት እንዳጠነከረው ይጠይቁት፤ በሙያው የሚኮራ ሰው በደስታ ይነግርዎታል፤ የድካሙንም ይክፈሉት። ክትፎው እንደቀረበ ደግሞ ከመቀመጥዎ በፊት ቢላዋውን አጥበው፣ አድርቀው፣ ዘይት ቀብተው ይስቀሉት። ይህንን ያደረገ ሰው በሚቀጥለው መስከረም አዲስ ቢላዋ መግዛት አያስፈልገውም።